በብርሃን የሚለቀቅ መድኃኒት

ሀዊ የወንጂ ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጋት አባቷ ጉርሜሳ ነው፤ የስኳር ፋብሪካው ቦይለር ሠራተኛ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ እግሯ ከጉልበቷ በላይ አበጠ። መረብ ኳስ ስትጫወት የወደቀችበት መስሏት ወጌሻ ሲያሻት ከረመ። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳት አባቷ አዳማ ወስዶ አስመረመራት። የአጥንት ካንሰር ነበር።

«ሳንባዋ ገና ንጹሕ ነው» አለች የመረመረቻት ዶክተር ሱሃይላ። «እግሯ ተቆርጦ ኬሞ ከወሰደች የመዳን ተስፋ አላት። ግን መዘግየት የለበትም።»

ጉርሜሳ ከ«ተቆርጦ» በኋላ ያለውን አልሰማም።

የጎረቤታቸው ልጅ ይትባረክ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተምራል። ሊጠይቃት የመጣ ቀን፣ የሚያጽናና ነገር ሲያጣ ስለ ምርምሩ አወራ። መድኃኒት ያዘለ ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ በመርፌ እጢው ውስጥ ገብቶ እዚያው ይረጋል። ከውጭ ብርሃን ሲበራበት፣ ሌላውን አካል ሳይጎዳ መድኃኒቱን እዚያው ይለቃል።

«እግሩስ?» አለ ጉርሜሳ።

«ሐሳቡ እግሩንም ማትረፍ ነው። ግን ጋሽ ጉርሜሳ፣ ገና በአይጥ እንኳ አልሞከርነውም።»

«መቼ ይደርሳል?»

ይትባረክ የሰውየውን ዓይን አይቶ አንጀቱ አልችል አለ። «በቅርቡ» አለ።

ጉርሜሳ የቀዶ ሕክምናውን ቀጠሮ አሳለፈ። ሱሃይላ ስትደውል ስልኩን አያነሳም። ከፈረቃ ሲወጣ በቀጥታ አዳማ ሄዶ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይቆማል።

«ደረሰ?»

«ዓመታት ይፈጃል ጋሼ! ተሳስቼ ነው የተናገርኩት። በእግዜር ይሁንብዎት፣ ያሳክሟት።»

«እግሯ ይተርፋል ያልከው አንተ ነህ» ይለውና በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

ሀዊም «አባ፣ ቆርጠው ይገላግሉኝ» ብላዋለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ትንሽ ታገሺ» አላት። ታገሠች።

ክረምቱ ሲወጣ ማሳል ጀመረች። አክታዋ ደም ሲቀላቅል በባጃጅ ይዟት በረረ። ሱሃይላ የደረቷን ምስል አይታ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«ይቁረጡት ዶክተር» አለ ገና ሳትናገር። «ዛሬውኑ ይቁረጡት፣ እፈርማለሁ።»

«ሳንባዋን ሞልቶታል። አሁን ብንቆርጠው ማሰቃየት ብቻ ነው የሚሆነው።»

የማስታገሻ ሽሮፕ ተሰጥቷት ወደ ቤት ተመለሱ። ይትባረክ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጉርሜሳ አልጮኸበትም፤ ከመንገዱ ዞር አለለት።

«ለሌላ ሰው ይደርሳል?» አለችው ሀዊ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«እንጃ ሀዊ። አላውቅም።»

«ያኔም እንዲህ ብትለው ኖሮ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥቅምት ሳይጋመስ አረፈች። ለቅሶ ላይ ጉርሜሳን አፍ አውጥቶ የወቀሰው ሰው የለም። እስከ ዛሬ ግን አዳማ መንገድ ላይ ሱሃይላን ከሩቅ ካየ፣ መኪና እየመጣበትም ቢሆን ይሻገራል።