የተዘለለችው ስላይድ

ሐሙስ ሐሙስ ተለማማጅ ሐኪሞቹ አዳራሹን ግጥም አድርገው የሚሞሉት ለትምህርቱ ጓጉተው ነው የሚል ካለ የዋህ ነው። የመድኃኒት ኩባንያው ወኪል ለሁሉም ምሳ ይዞ ይመጣል። ስሙን የሚያስታውስ ስለሌለ “ምሳ” ይሉታል፤ እሱም አይከፋውም።

አስተማሪያቸው የልብ ስፔሻሊስት ናት። ውጭ አገር ሄዳ የተማረችው በዚሁ ኩባንያ ወጪ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ኩባንያው ተማሪዎቿንም ወደ ውጭ ለትምህርት ሊልክላት ቃል ገብቷል። ስለ አዲሱ የደም ግፊት ክኒን ልታስተምር ስትል ምሳ ጠጋ አለና፣ “ዶክተርዬ፣ ሰዓት እንዳያጥረን የአረጋውያኑን ስላይድ ቢዘሏትስ?” አላት። ስላይዷ ክኒኑ አረጋውያንን ራሳቸውን አዙሮ ሊጥላቸው እንደሚችል የምትናገረው ናት። ሐኪሟ ይህን አሳምራ ታውቃለች። የተማሪዎቿ ጉዞ ትዝ አላትና ዘለለቻት።

ብዙም ሳይቆይ የአባቷ ደም ግፊት አሻቀበ። ሐኪም የሥጋ ዘመዱን አያክምም የሚል ደንብ አላቸው፤ ፍቅር ፍርድን ያዛባል ብለው። በዚህ በዚህ እንኳ ጥንቁቅ ናት! አባቷን “ጎበዙ” ለሚሉት ተማሪዋ ሰጥታ እፎይ አለች።

አባቷ አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ሲነሱ ራሳቸውን አዞራቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ደርሳ የሚውጡትን ክኒን ስታይ ደሟ ፈላ።

“ለሰማንያ ዓመት ሰው ይህን ታዛለህ? ምን ነካህ?” ብላ ጎበዙ ላይ ጮኸች።

ጎበዙ ክው አለ። “ዶክተር፣ ሲያስተምሩን ስለ አረጋውያን ያሉት ነገር አልነበረም። ቢኖር አይጠፋኝም ነበር።”

አባቷ ከአልጋው ላይ እጇን ያዙ።

“ተይ ልጄ፣ ልጁን አትቆጪው። መጀመሪያ አልውጥም ብዬው ነበር እኮ። ‘ልጅዎ ያስተማረችን ነው’ ሲለኝ ጊዜ ነው ደስ ብሎኝ የዋጥኩት።”

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ትምህርቱን የጀመረችው በዚያች ስላይድ ነው። ምሳ ስልኩን እየነካካ ወጣ። የተማሪዎቹ ጉዞ ቀረ፣ ምሳውም ቀረ፤ አዳራሹም ጭር አለ። ጎበዙ ግን አሁንም ከፊት ይቀመጣል። አንድ ትምህርት ባለቀ ቁጥር እጁን ያወጣና፣ “ዶክተር፣ ዛሬስ የዘለሉት አለ?” ይላታል።