በአምፖሉ ዙሪያ ያለው ብርሃን

ወንድሜ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚመላለሱበት ሰርቪስ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጓደኞቹ መብረቅ ይሉት ነበር፤ ሲቆጣ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማዋላ። ሚስቱ እዚያው ፋብሪካ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ከኋላው ባለው ወንበር ተቀምጣ ነው ሥራ የምትገባው። እኔ ታላቅ እህቱ ከጓሮ ባለችው ክፍል እኖራለሁ። ስለዚህ ልጆቼ፣ የምነግራችሁን ገሚሱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያላየሁትን ከእሷ ሰምቻለሁ።

እናታችንን ከቀበርን በኋላ መብረቅ እንቅልፍ አጣ። ጎህ ሳይቀድ ምንጣፍ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ጀመረ። አንድ ማለዳ እንባው እየወረደ፣ ፊቱ ግን ፈክቶ ወጣና "እትዬ፣ ዓይኔ ተከፈተ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጣው ጠፋ። ሚስቱን ማመስገን ለመደ፤ ብርጭቆ ቢሰበር ይሁን ይላል። እኛም በገዛ ቤታችን እግራችንን ዘርግተን መቀመጥ የጀመርነው ያኔ ነው።

ሰው ሁሉ በብርሃን ተከቦ እንደሚታየው ነገረን። አምፖሉም ዙሪያውን ቀለበት አለው አለ። ነገሩን ሁሉ እንዳለ ማየት የጀመርኩት አሁን ገና ነው ይላል። አመንነው፤ ሰውን እንዲህ የለወጠ ነገር እንዴት ሐሰት ይሆናል?

ግን ሻይ ሲቀዳ ከስኒው ውጭ ያፈሰው ጀመር። እጃቸውን አንሥተው የሚጠብቁትን ሠራተኞች ጥሏቸው ያልፋል። አንድ ቀን ደግሞ አውቶቡሱን ከፋብሪካው በር ምሰሶ ጋር አፋተገው። ሚስቱ ስትጠይቀው ፈገግ ብሎ፣ ጠርዝ የሚባለውን እኛ ነን የፈጠርነው፣ ሁሉም አንድ ነው አላት።

"ምሰሶውና መኪናው ግን ሁለት ናቸው" አለችው።

እሱ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ከሥራ መልስ ወደ ክፍሌ መጣች፤ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ መጋረጃውን ትነካካለች። ሐኪም ይየው ብላት ትፈራለች፣ ባልላትም ትፈራለች።

"እትዬ፣ ያ ብርሃን የዓይን ሕመም ቢሆንስ? ሲድን ደግነቱም አብሮ ቢሄድብኝ ምን ይውጠኛል?"

ትከሻዋን አሻሸሁላት።

ነገሩ የለየለት አንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ጋሪ የሚገፋ ሰው ከፊታቸው ሲያቋርጥ መብረቅ ፍሬን አልያዘም። እሷ ስትጮህ ነው የረገጠው። አውቶቡሱ ጋሪውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ፣ ሞተሩም ጠፋ። ባለጋሪው የስድብ መዓት ሲያወርድበት፣ መብረቅ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በረጋ ድምፅ ይመርቀዋል። በዚህ መሐል ሚስቱ እጇን ሰድዳ ቁልፉን ነቀለችና ወርዳ ከመስታወቱ ፊት ቆመች።

"በእጄ ምን ይዣለሁ?" አለችው።

"ብርሃን" አለ።

"ቁልፍህን ነው።"

እጁን ወደ ቁልፉ ቦታ ሰደደ። ባዶ ነው። ዳሰሰው፣ ደግሞ ዳሰሰው። ሠራተኞቹ ያን ቀን በእግራቸው ሄዱ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ ሁለቱንም ዓይን ሞራ እንደሸፈነው፣ ቀለበቱም ከዚያ እንደመጣ ነገረችው። መብረቅ፣ ያን ማለዳ ያለቀስኩትስ ብሎ ጠየቃት። እሱን እንኳ መሣሪያዬ አያየውም አለችው፣ ሳትቀልድ።

ሞራው በየተራ ወጣለት። እሱ እስኪያገግም ሚስቱ እህል አልወርድ አላት። መጨረሻ ላይ ፋሻው ሲነሣ አምፖሉን አየ፤ አምፖል ብቻ ነው። ከዚያ እሷን አያት።

"መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?" አላት።

እኛ ግን ገና እፎይ አላልንም፤ ቁጣው ይመለስ ይሆን እያልን ነበር። ሐኪሟ መንዳት ስትፈቅድለት ሦስታችን ወደ ፋብሪካው ሄድን፤ ቁልፉን ከጥበቃው የተቀበለችው እሷ ነች። የአውቶቡሱ ጎን ከፊት እስከ ኋላ ተፍቋል። ያኔ ትንሽ ጭረት መስሎት ነበርና ይህን ሁሉ ማን አደረገው ሲል፣ አንተ ነህ፣ ያ የበሩ ምሰሶ ነው አለችው። ግንባሩ ላይ ያቺ የድሮዋ የደም ሥር ተገተረች።

"ታዲያ ዝም ብላችሁ ታዩኝ ነበር?" አለ። የመብረቅ ድምፅ ነው፤ ጥበቃው እንኳ ዞር አለ። ሚስቱ ወደ እኔ ተጠጋች።

ሊቀጥል አፉን ከፈተና ተወው። እጁን የተፋቀው ቆርቆሮ ላይ አሳረፈ።

"ቁጣዬ መጣ" አለ ቀስ ብሎ። "አየሁት። ትንሽ ታገሡኝ።"

የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ምንጣፉ ላይ እንደነበረው አልቀለለውም። የግንባሩ ደም ሥር ዝቅ ስትል አየሁ፣ ፈጽማ ግን አልጠፋችም። ሚስቱ ቁልፉን በመዳፏ እያገላበጠች ቆየችና ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። ቁልፉን አልሰጠችውም፤ እሱም ገና አልጠየቃትም።