ካሰች ጣሳ ስትመታ

ካሰች ዓሣ ገበያው ውስጥ ዓሣ አጽድታ የምትሸጥ ሴት ናት። ዓሣውን የምታገኘው ከታምሩ ጀልባ ነው። ባል የላትም፤ ሁለት ልጆች አሏት። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ መረብ እጠግናለሁ።

አባ ኮዳ ከሚሉት ትልቅ አሞራ አንዱን አላምዳ ነበር። በጫጩትነቱ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ስለተጣመመ ከሌሎቹ አሞራዎች ጋር መሻማት አይችልም። ቢላዋዋን ጣሳ ላይ ስትመታ በሰው መሀል እያነከሰ ይመጣል፤ የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት ከእጇ ይወስዳል። በራ ስለሆነና እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሰው ስለሚመስል ገበያተኞቹ ሊቀመንበር ብለው ስም አወጡለት።

«ካሰች፣ ሊቀመንበሩ ቁርስ በሉ?» ይሏታል።

«በልተዋል። አሁን አንተን ሊገመግሙ ነው።»

በመስከረም መክብብ የሚባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣ። አባ ኮዳዎች እዚህ ከበሉ በኋላ የት እንደሚሄዱ ያጠናል። ወጥመድ ዘረጋ፤ አንድም አልገባለትም። ካሰች አዘነችለት። ጣሳዋን መታች፤ ሊቀመንበሩ መጣ፤ መንቆሩን በሻርፗ ይዛ አረጋጋችው። መክብብ ጀርባው ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጥቁር ዕቃ አሰረበት። ላዩ ላይ ፀሐይ የሚቀበል መስታወት አለው።

«ካሜራ ነው?» አለ ታምሩ።

«አይደለም። ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚልከው።»

«ለማን?»

«ለእኛ፤ ለዩኒቨርሲቲው።»

«ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት አይደለም እንዴ?»

መክብብ ሳቀ። ታምሩ አልሳቀም።

ታምሩ የሚያጠምደው በተከለከለ መረብ ነው። የመረቡ ዓይን ጠባብ ስለሆነ የዓሣ ጫጩት ሳይቀር ያወጣል። በሳምንቱ ተቆጣጣሪዎች መጥተው መረቦቹን አቃጠሉበት። በማግስቱ መቅዘፊያ ይዞ ካሰች ፊት ቆመ።

«ሰላይሽን ጥሪው።»

«ታምሩ፣ ወንድሜ፣ አውሬ እኮ ነው። ምን ያውቃል?»

«አውሬ ከሆነ ምን ያስለቅስሻል?»

«ዕቃውን ልፍታውና ለልጁ ልመልስለት።»

«ይዘሽ ያሳሰርሽው አንቺ ነሽ። ካልጠራሽው ከዛሬ ጀምሮ ከጀልባዬ አንዲት ዓሣ አታገኚም።»

ወደ እኔ አየች። «ተው፣ ታምሩ» አልኩ። አልሰማኝም። ሰዉ ዙሪያውን ከቦ ነበር። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል።

ጣሳውን መታች። እንዳይሰማ ቀስ ብላ ነው የመታችው። ሰማ። እያነከሰ መጣ። ታምሩ የዓሣ ጭንቅላት ጣለለት፤ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ በመቅዘፊያው መታው። ክንፉን እየጎተተ ወደ ካሰች ሄደ፤ ቀሚሷ ሥር ሊገባ ሞከረ። እዚያው ደገመው።

«ዕቃውን አትንኩት፤ ከተነካ ተቆጣጣሪዎቹን ይጠራል» አለ አንዱ። ከነዕቃው በጀልባ ወስደው የሐይቁ ቄጤማ ውስጥ ጣሉት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መክብብ ስልኩን እያየ መጣ።

«እትዬ ካሰች፣ ካለበት አልንቀሳቀስ ብሏል። ታሞ እንዳይሆን ፈራሁ። እባክዎ ይጥሩልኝ።»

ታምሩ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «ጥሪለት እንጂ» አለ።

መታች። ደጋግማ መታች። ከኋላ ሰዎች ይስቃሉ። መክብብ ሰማዩን ያያል።

ከዚያ ጀልባ ለምኖ ስልኩ ወደሚያሳየው ቦታ ሄደ። በማዳበሪያ ጆንያ ይዞት ተመለሰ። ጆንያውን ካሰች ፊት አስቀመጠው።

«ማን ነው?»

ካሰች ጣሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«እርስዎን ነበር የሚያምነው» አላት። ጆንያውን ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ተቆጣጣሪዎቹ እንደገና መጡ። የታምሩን አዲስ መረብም አቃጠሉ። ታምሩ ሰማዩን አየ። ከዚያ ካሰችን አየ።

«ያ ልጅ ምን ሲልሽ ነበር?»

«ምንም።»

«ያወራሽው አንቺ ነሽ።» ዓሣ ከለከላት። ሌሎቹ ባለጀልባዎችም ተከተሉት።

«መረብህን የምታሰጣው አስፋልት ዳር ነው» አልኩት። «እሱን ለማየት ክንፍ አያስፈልግም።»

«ጋሼ፣ እርስዎም ዩኒቨርሲቲ ገቡ እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ታምሩ የተረፈውን መረብ አንሥቶ አስፋልቱ ዳር ሄዶ አሰጣው።

ካሰች አሁን ጠዋት ጠዋት የዓሣ ጭንቅላት ከሚጣልበት ክምር ላይ ለልጆቿ ትለቅማለች። የምትለቅመው በዚያው ጣሳ ነው። አባ ኮዳዎቹ ቦታ አይለቁላትም።