ቀብር የሌለው ለቅሶ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዘንድሮ ለአዳማ የደረሳት ጉድ ሬሳ በትኬት የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ነበር። ከውጭ የመጣ ድርጅት ፖስታ ቤት አካባቢ ሰፊ አዳራሽ ተከራየ፤ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋረደና ቆዳቸው የተገፈፈ፣ እንዳይበሰብሱ ፕላስቲክ የገባባቸው እውነተኛ ሰዎች አቆመበት። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ኳስ ይመታል። ሕዝቡም ያው ሕዝብ ነውና ተሰለፈ።

ሉሊት እዚያ አስረጂ ሆና ተቀጠረች። በነርስነት ተመርቃ ሥራ ፈት ተቀምጣ ስለነበር፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የተገኘውን ያዘች። ጡንቻውን፣ ሳንባውን፣ ጉበቱን እያመለከተች ታስረዳና መጨረሻ ላይ «ሁሉም አካላቸውን በፈቃዳቸው ለሳይንስ የሰጡ ናቸው» ትላለች። ይህን ያስጠናት ሥራ አስኪያጁ ማናሴ ነው። አንድ ቀን ፈቃዳቸውን ማን እንዳየ ብትጠይቀው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያውቃል ብሎ አለፋት። ከዚያ ወዲያ ደግማ አልጠየቀችም፤ ያቺን ነገር በተናገረች ቁጥር ግን ምላሷ ይከብዳታል።

እናቷ አሰለፈች ወለንጪቲ ነው የምትኖረው። ታላቅ ልጇ ምንተስኖት ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ። መርዶው መጣ፣ ሬሳው አልመጣም። ድንኳን ተተከለ፣ ፍትሐትም ተደረገ፤ አሰለፈች ግን እርሟን ማውጣት አቃታት። እንባዋ ደረቀ። ሰው በሞተ ቁጥር ሬሳው ያለበት ቤት ሄዳ ትቀመጣለች፣ ደረቅ ዓይኗን ይዛ ትመለሳለች። ሉሊት ስለ ሥራዋ የጤና ትምህርት ነው ብላ ሌላውን ዋጥ አደረገችው። እናት ግን ልጇ የምትውልበትን ሳታይ መች ታርፋለች? አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ከች አለች።

ኳስ የሚመታው ሰውዬ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«አሻንጉሊት ነው?»

«ሰው ነው፣ እማዬ።»

«የማን ልጅ ነው?»

ሉሊት የምታውቀው ጡንቻውን ነው። እናቷ ስሙን ጠየቀቻት፣ አገሩን ጠየቀቻት፣ ወላጆቹ እዚህ እንዳለ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻት። ለሁሉም አላውቅም አለች። ያን ያህል ጊዜ አጠገቡ ቆማ አንዱንም አለማወቋ አሳፈራት።

አሰለፈች ነጠላዋን አውልቃ እርቃኑን ሸፈነችለትና እግሩ ሥር ቁጭ አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «የሰው አገር ሬሳ፣ የእናትህ ዓይን ያላየህ» እያለች ለእሱም ለምንተስኖትም አንድ ላይ አለቀሰች። በስልክ ሲቀርጿት የነበሩት ተመልካች ሴቶች ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ አብረዋት ተንሰቀሰቁ። ሉሊትም አለቀሰች፣ እናቷ ማልቀስ በመቻሏ ደግሞ ደስ አላት።

ማናሴ እየሮጠ መጣ። ሉሊት ተባረርኩ ብላ ስታስብ ቅልል አላት። እሱ ግን ያየው የተሰበሰበውን ሕዝብ ነው። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ሰልፉ አዳራሹን ዞረ፤ ማናሴም ቢሮ አስጠራት።

«እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡ፤ መኪና እንልካለን» አላት። «ነጠላውም እዚያው ይቆይ፣ ያምራል።»

ሉሊት ሥራውን ልትለቅ ቆርጣ ወለንጪቲ ሄደች። እንባሽን እየቸረቸሩት ነው ብላ ለእናቷ ቁርጡን ነገረቻት።

«ይቸርችሩት» አለች አሰለፈች። «እኔ ለእነሱ አይደለም የማለቅሰው። እርሜን እያወጣሁ ነው፣ ልጄ።»

እውነትም እናቷ እህል መቅመስ፣ እንቅልፍ መተኛት ጀምራለች። ሉሊት ይህን እንዴት ትንጠቃት? ሥራውን ብትለቅ እናቷ ብቻዋን ልትመጣ ነው፤ በዚያ ሁሉ ተመልካች መሐል ብቻዋን ልትጥላት ነው። ስለዚህ ቀረች። በየሳምንቱ ያንኑ ጡንቻ እያመለከተች፣ ከእግሩ ሥር የእናቷን ለቅሶ እየሰማች፣ በፈቃዳቸው የሰጡ ናቸው ትላለች። አዳራሹ አየር ያጠረው ይመስላታል።

ኤግዚቢሽኑ ወደ ሻሸመኔ ሊዛወር ነው ሲባል እፎይ አለች። እንግዲህ ያበቃል ብላ ነበር። የመጨረሻው ቅዳሜ ሠራተኞቹ ሣጥን ሲያቀርቡ አሰለፈች ብድግ አለች፤ ቀብሩ የት እንደሆነ ጠየቀች።

ሉሊት እንደማይቀበር ነገረቻት። ከሻሸመኔ ሐዋሳ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላ አገር፤ አይበሰብስም፣ እንዲሁ ሲዞር ይኖራል።

አሰለፈች ሬሳውን ትክ ብላ አየችው።

«ያለቀሱለትን ሬሳ ሜዳ ላይ ጥሎ ቤቱ የሚገባ ሰው የት አየሽ? እስኪቀበር እከተለዋለሁ።»

«እማዬ፣ መቼም አይቀበርም እኮ።»

«እንዴት እመለሳለሁ ታዲያ?»

ማናሴ ሰምቷል። ፊቱ በርቶ የጭነት መኪናውን ጋቢና ከፈተና፣ «እማማ፣ እርስዎ ከፊት ይግቡ» አለ። አሰለፈች ተደግፋ ጋቢናው ላይ ወጣች። ሉሊት ከመኪናው ኋላ ሣጥኑ በሚስማር ሲመታ እየሰማች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ እሷም ወጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። በሩን ማናሴ ከውጭ ዘጋው።