የፈንጋዩ ቁስል

ታሲ ፔኖክ ኬዚያን ያስጠራቻት ቁስሉ ከርፍቶ የሚቀርበው ሰው ስለጠፋ ነው። ታሲ ራሷ ደጋግማ ሞክራ፣ በሞከረች ቁጥር አፏን በሽርጧ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጣለች። ኬዚያ ግን በዚያ የፔንሲልቫንያ ዳርቻ በሚኖሩት ጥቁሮች ዘንድ በአስታማሚነቷ የታወቀች ነበረች። ባርነት ካልቀረባት ከሜሪላንድ አምልጠው የሚመጡትን፣ ጀርባቸው በጅራፍ የተተለተለውን፣ ቁርጭምጭሚታቸው በእግር ብረት የተላጠውን ስታጥብና ስታስር ነው የኖረችው።

"የተኛው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለቻት ታሲ በሩ ላይ።

"አገር ያውቀዋል" አለች ኬዚያ።

ታገርት ነው፤ ባሪያ ፈንጋዩ። ያመለጠ ባሪያ የትም ተይዞ ለጌታው ይመለስ የሚለው አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ ያመለጠውንም ነጻ ሆኖ የተወለደውንም ሳይለይ፣ ጥቁር ያለውን ሁሉ እያፈሰ ወደ ደቡብ ሲሸጥ ነበር። አንድ እሁድ ማለዳ ከግብረ አበሮቹ ጋር ከባርነት አምልጦ እዚያው የሰፈረውን የሊቪንን ቤት ከበበ። የሊቪን ሚስት በላይኛው መስኮት ጥሩምባ ነፋች፤ ጎረቤቱ አይዛክን ከፊት አድርጎ የበቆሎ አገዳ መቁረጫውን እየያዘ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሌሎቹ ፈረሳቸውን ኮልኩለው ሲያመልጡ፣ ታገርት ጭኑን ተተልትሎ መንገድ ላይ ቀረ።

የታሲ ባል ኢኖስ ፔኖክ በጋሪው ሲያልፍ አይቶ አነሳውና ቤቱ አስገባው። ኢኖስ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነው፤ በእምነቱ ሰው ላይ እጁን አያነሳም፣ አይምልም፣ አይዋሽም። ሊቪንን ከጌታው ባመለጠ ጊዜ በከብት በረቱ የደበቀውም ይኸው ኢኖስ ነው። "የቆሰለ ሰው የቆሰለ ሰው ነው" አለ ለጠየቀው ሁሉ። ደግ ነገር ነበር። ችግሩ፣ ታገርት የቆረጡትን ሰዎች ፊት ለፊት አይቷቸዋል። ከዳነ ስማቸውን ይጠራል፤ ስማቸው ከተጠራ ይሰቀላሉ።

ኬዚያ እሺ ብላ የመጣችው ለታገርት አዝና አልነበረም። ልጇ ሮዳ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንጆሪ ልትለቅም ወጥታ ቀርታለች። በታገርት ጋሪ ላይ ታስራ ያዩዋት አሉ። የት እንደተሸጠች የሚያውቅ አፍ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ኬዚያ ያንን አፍ በሕይወት ፈለገችው።

ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ አስታመመችው። ጨርቁ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ መግሉ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ትንባሆ ያኝክና ምራቁን ወለሉ ላይ ጢቅ ያደርጋል፤ እሷ ትወለውላለች። "ቀስ በይ አንቺ! ቆዳ የምታለፊ መሰለሽ እንዴ?" እያለ ይጮህባታል። ቤቷ ስትገባ እጇን በአመድ ፈትጋም ጠረኑ አይለቃትም ነበር፤ እህል ወደ አፏ አስጠግታ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ትኩሳቱ ሲበርድለት ጠየቀችው።

"የኔን ልጅ ወስደሃል። ሮዳ ትባላለች። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። የት ነው የሸጥካት?"

ታገርት አልተቆጣም፣ አልካደም። ግንባሩን ቋጥሮ ከልቡ ለማስታወስ ሞከረ፤ ከሁሉ የዘገነናት ይህ ነው።

"ጠባሳ... ረጅሟ ናት?"

"አጭር ናት። ልጅ እኮ ናት።"

"አይ፣ አልመጣልኝም። ብዙ ናቸው፤ ሲያለቅሱ ደግሞ ሁሉም መልካቸው አንድ ይሆንብኛል።" አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "አሬራ ቀርቶ ከሆነ እስቲ አምጪልኝ።"

ሄዳ አመጣችለት። ብርጭቆውን ስታቀብለው የገዛ እጇን ጠላችው።

በዚያው ሰሞን ኢኖስ ከከተማ እንግዶች መጡበት፤ ባርነት ይጥፋ የሚሉ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ከምሳ በኋላ ሳሎን ተቀምጠው በሊቪን ቤት የሆነውን ሲያነሱና ሲጥሉ ዋሉ።

"ጭቆናን በጭቆና መመለስ ነው" አለ አንደኛው። "ጥቁሩ ቢታገሥ ኖሮ የሕዝቡ ሕሊና ይነቃ ነበር።"

"ራስን መከላከልስ?" አለ ሌላው። "እዚያ ላይ እኔ ትንሽ አመነታለሁ። የፖሙን ኬክ አቀብለኝማ።"

ኬዚያ መግል የተጠራቀመበትን ሳህን ይዛ በመሃላቸው ስታልፍ ቆመች። ኩዌከሮች ለንጉሥም ቢሆን አንተ ነው የሚሉት፤ ለራሳቸውም አንቱታ አይወዱም።

"ኢኖስ፣ የአገሩ ሹም የታገርትን ቃል ሊቀበል የሚመጣው መቼ ነው?"

"ዓርብ።"

"ስም ቢጠራስ?"

"ጠበቃ እናቆማለን። እንጸልያለን።"

"ለሊቪን?"

"ለሁሉም። ለታገርትም።"

አመነታለሁ ያለው እንግዳ በአድናቆት ቀና አለ። "እንዲያውም እሷን እንጠይቃት! ጠላቷን በእጇ የምታስታምም ሴት! አንቺ ምን ትያለሽ፣ እህቴ?"

ኬዚያ ሳህኑን አየች፤ በእንግዳው ከንፈር ላይ የቀረውን የኬክ ፍርፋሪ አየች።

"ልድፋው፤ ይሸታችኋል" ብላ ወጣች።

ሐሙስ ቀን ፔኖኮች ለጸሎት ሄደው ሳለ ሊቪን በጓሮ በር መጣ። ትከሻው የበሬ ነው፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

"እትዬ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ምን እንደፈለግኩማ ታውቂያለሽ። ዘወር በይልኝ።"

"ካናዳ ሂድ፣ ሊቪን፤ ሕጉ እዚያ አይደርስብህም። ዛሬውኑ ውጣ።"

"እኔስ እሄዳለሁ። አይዛክስ? ያን ሁሉ ልጅ ማን ላይ ጥሎ ይሂድ? ያ ውሻ ነገ አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው።"

"ሕመምተኛ ነው። የተኛ ሰው!"

"እኔስ ደስ ብሎኝ የመጣሁ መሰለሽ? የቆመ ሰው ብመታ ይሻለኝ ነበር።"

ኬዚያ አልጮኸችም። ዘወርም አላለችም፤ አልፏት ሲገባ ተከትላው ገባች።

ታገርት ሊቪንን ሲያይ ወዲያው ገባው። ሊቪን ትራሱን ፊቱ ላይ ጫነው። ሰውየው ግን ድኗል፤ በኬዚያ እጅ፣ በታሲ ሾርባ ድኗል። እንደ በሬ ተወራጨ፣ የሊቪንን ክንድ በጥፍሩ ዘነጠለው። ሊቪን ዓይኑን ጨፍኖ ያዘ፣ ከዚያ እጁ ላላ።

"አልችልም። እትዬ፣ አልችልም!"

ትራሱ ተንሸራተተ። የታገርት ፊት ጠቁሮ፣ አፉ ተከፍቶ ወጣ፤ ሊጮህ አየር ሳበ። ኬዚያ አላሰበችም። ሄዳ በሙሉ ሰውነቷ እግሮቹ ላይ ወደቀችበት።

"ጨርሰው!" አለች። "ከጀመርክ ጨርሰው!"

ስታጥበው የሰነበተችው ቁስል ከመዳፏ ሥር ተከፈተ። ሙቅ ነበር። ያ ሙቀት እጇ ላይ እየፈሰሰ እግሩ መራገጡን እስኪተው ያዘችው። ብዙ ቆየ። ሰው በትራስ ቶሎ የሚሞት ይመስላት ነበር። በመጨረሻ ሰገራው አመለጠውና ክፍሉ ሌላ ግማት ሞላው፤ ሊቪን ጥግ ሄዶ አስታወከ።

"ትክክል ነው ያደረግነው?" አለ አፉን እየጠረገ። "በይ ንገሪኝ፣ ትክክል ነው?"

"አሁን ሂድ። ሚስትህን ይዘህ ውጣ።"

ከሄደ በኋላ ሬሳውን አጠበች፣ ጭኑን በአዲስ ጨርቅ አሰረች፣ አንሶላ ቀየረች። ፔኖኮች ሲመለሱ ወጥ ቤት ተቀምጣ አገኟት። ኢኖስ ወደ ክፍሉ ገብቶ ወጣ። ግድግዳውን እያየ ጠየቃት።

"ኬዚያ፣ በቁስሉ ነው የሞተው። አይደለም?"

የሚፈልገው ገባት። እሱ አይዋሽም፤ ስለዚህ እሷ እንድትዋሽለት ይፈልጋል።

"እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለችው።

ታሲ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ኢኖስ ፊቱ ቀላ።

"ለምን ነገርሽኝ?" አለ፤ ተቆጥቶ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

"ስለጠየቅከኝ።"

ዓርብ ሹሙ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ጠረኑን አሽትቶ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

"በምን ሞተ?"

"ቁስሉ ከመጀመሪያውም ክፉ ነበር" አለ ኢኖስ።

ከቃሉ አንዱም ሐሰት አልነበረም። ሹሙ ጎንበስ ብሎ ንጹሑን ጨርቅ አየና ወጣ። ኬዚያ አንገቷ ተርፏል፣ አይዛክም ተርፏል፤ ኢኖስን ማመስገን ነበረባት። ግን ምራቋ መረራት። በሳምንቱ ደግሞ እንግዶቹ ተመልሰው ሲመጡ "በእኔ ቤት ጠላት እንኳ እየተጠበቀ፣ እየታጠበ ነው የሞተው" ሲላቸው በጆሮዋ ሰማች። ታሲ አንገቷን አቀርቅራ ሹራቧን ትሠራ ነበር። ኬዚያ ሽርጧን ፈታ መንጠቆው ላይ ሰቀለችና ወጣች። ከዚያ በኋላ እዚያ ሰፈር አልከረመችም።

ሊቪንን ካናዳ ውስጥ ነው ያገኘችው፤ በረዶው ከቀለጠ በኋላ። ጠይቆ ጠይቆ ቤቷን አግኝቶ መጣ። የበቆሎ ገንፎ አቀረበችለት። ማንኪያውን አንስቶ እጇን ተመለከተ።

"ስለ ሮዳ የተሰማ ነገር አለ?"

"የለም።"

"እትዬ... ይቆጭሻል?"

"አይቆጨኝም። ይቀፈኛል" አለች። "ሥጋ ስነካ ይቀፈኛል። ሰው ሲያመሰግነኝ ይቀፈኛል።"

"ሌላ መንገድ ነበረ ትያለሽ?"

"ለኢኖስ ነበረለት፤ ለእኛ አልነበረም።"

ሊቪን ማንኪያውን አዙሮ አዙሮ አስቀመጠው። "አይዛክ ወንድ ልጅ ወልዷል አሉ። ሊቪን ብሎ ሊሰይመው ሲል ተቆጣሁት። ተው፣ በኔ ስም አትጥራው ብዬ ላክሁበት።"

ኬዚያ የገንፎውን ሳህን ወደ እሱ አስጠጋችለት።

"ልጁ ምን አደረገ?" አለች። "በስምህ እንዲጠራው ላክበት።"

ገንፎው ቀዘቀዘ። ከሁለቱ አንዳቸውም አልበሉትም።