ቀን ያልለመደ ዓይን

ታሂር የሮቢቱን እርሻ ጣቢያ የመስኖ ሞተር ሰባት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሲጠብቅ አንድ ቀን አሸልቦት አያውቅም። ማታ ይረከባል፣ ሱብሂን ሰግዶ ያስረክብና ቤቱ ገብቶ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሶላት ይተኛል።

ይግዛው ከቡልጋሪያ ተምሮ የጣቢያው ኃላፊ ሆኖ በመጣ በሦስተኛ ወሩ ይህን አፈረሰው። ፈረቃው በየሳምንቱ ይዙር አለ፤ ሠራተኛ ሁሉ እኩል ነው፣ ሌሊቱን አንድ ሰው ለምን ይሸከመዋል?

«እኔ እኮ አልከበደኝም፣ ጓድ» አለ ታሂር። «ሰውነቴ አንዴ ተገልብጧል። ቀን ዓይኔ አይገለጥልኝም።»

«ይለምዳል፣ ጋሽ ታሂር።»

የቀን ፈረቃ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ታሂርን ሞተሩ አጠገብ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለው። የጉድጓዱ ውኃ ወረደ፤ ፓምፑ በደረቁ ሲሽከረከር ተቃጠለ።

ይግዛው ያን ጊዜ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሙቀቱ አሸንፎት ቢሮው ውስጥ ጋደም ብሎ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ሰምቷል። «ታሂር አለ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ።

«አሻጥር ከሆነ እስር ነው» አለ ሰብሳቢው ጓድ ካሳው። «ስንፍና ከሆነ ስንብት።»

«የሌሊት ወፍን ለቀን ሥራ የመደበው ማነው?» አለች የዕቃ ግምጃ ቤቷ ወርቅዬ። ሰው ሳቀ።

ታሂር ቆቡን አስተካክሎ ተነሣ። «ግለ ሂሴ ይኸው ነው። ጓድ ይግዛው ይለምዳል ብሎኝ ነበር። የተማረ ሰው የነገረኝን መልመድ አቃተኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የይግዛው ጆሮ ጋለ። ሳያስበው ቆመ።

«ፈረቃውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። አይሆንልኝም ሲለኝ አልሰማሁትም። አሻጥርም ስንፍናም አይደለም።»

«ሌላ የምትጨምረው አለ?» አለ ካሳው።

የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ መስማቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«የለም» አለ።

ለይግዛው ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ ታሂር ወደ ሌሊት ፈረቃው ተመለሰ። ሰው ሲበተን ታሂር መጥቶ የይግዛውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አላህ ያክብርህ፣ ልጄ። ወላሂ፣ ለኔ ብሎ ራሱን የወቀሰ አለቃ አይቼ አላውቅም።»

ይግዛው እጁን ማስለቀቅ አልቻለም።

«ይሂዱና ይተኙ፣ ጋሼ» አለ፣ ዓይኑን ከሽማግሌው ጫማ ላይ ሳያነሣ።