የሳያት መርዶ

«በስልክማ አይነገራትም!» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ አበባይሽ። «መርዶ በማለዳ፣ ፊት ለፊት ነው።»

ሐምራዊት ይህ ጠፍቷት አይደለም። ወንድሟ አበጋዝ ሆላንድ ውስጥ፣ ስኪልደርስዋይክ በተባለው ሰፈር ባለው ቤቱ ድንገት ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አንዲት ልጁ ሳያት ግን ቺካጎ፣ የካቶሊኮች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትማራለች፤ እዚያ ዘመድ የላትም። ለቀስተኛው ሁሉ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይጽፍ ተለምኗል፤ የሀበሻ አፍ ግን እስከ መቼ ይታመናል?

«የዩኒቨርሲቲውን ካህን እንዲነግሯት ብጠይቅስ?» አለች ሐምራዊት።

«የካቶሊክ ቄስ? አበጋዝ ቢሰማ!» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

እውነቷን ነው፤ ከሬሳ ሳጥኑ ቀና ብሎ የሚቆጣ ሰው ነበር። ስኪፖል አየር ማረፊያ ልጁን ሲሸኝ ማተቧን አጥብቆ እያሰረ፣ «ትምህርታቸውን እንጂ ቡራኬያቸውን እንዳትቀበዪ!» ብሏታል። ሳያትም በሆላንድኛ «ፓፓ፣ ዱ ኖርማል!»፣ አታካብድ እንደማለት፣ ብላ ስቃበታለች።

ቢሆንም ሐምራዊት ጓዳ ገብታ ለካህኑ ደወለች።

«የሳያት አክስት ነኝ፤ አባቷ…»

«አበጋዝ?» አሉ ካህኑ።

«ስሙን እንዴት አወቁት?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ይደውልልኝ ነበር። ትጾማለች? ማተቧ አለ? ይለኛል። ከዚያ በሃይማኖት እንከራከራለን፤ አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም።» ድምፃቸው ተሰበረ። «መርዶንም አስተምሮኛል። ‹ከሞትኩ በማለዳ ይንገሯት፤ ብቻዎን ግን አይሂዱ› ብሎኛል።»

ካህኑ ምክንያቱንም ነገሯት። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አበጋዝ የእናታቸውን ሞት የሰማው በስደተኞች መጠለያ ኮሪደር ላይ፣ በስልክ፣ ለብቻው ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረምና ማንም ምን ሆንክ አላለውም። ለሐምራዊት ያን ቀን አንስቶላት አያውቅም። ለእሷ ያልተነፈሰውን ለፈረንጅ ቄስ መንገሩ አናደዳት፤ ከንዴቷ ይልቅ ግን ናፈቃት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ቺካጎ ገና ሲነጋ፣ ስልኳ በቪዲዮ ጠራ። ሳያት ፊቷ አብጧል። ግራና ቀኝ ሁለት ጓደኞቿ ደግፈዋታል።

«አክስቴ፣ ብቻዬን አይደለሁም» አለች።

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ካህን ጫማቸውን አውልቀው፣ የማይታጠፍ ጉልበታቸውን ዘርግተው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

«አበጋዝ ‹ሐዘንተኛ ወንበር ላይ አይቀመጥም› ብሎኛል» አሉ።

ሦስት ቀን እንግዳ ስታስተናግድ ቆማ የዋለችው ሐምራዊት ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ወለሉ ላይ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለች።